የጆሮ ጠብታው ትርጓሜ

አባቴ ሊተረጉሙ ሲነሡ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉበት ድምፅ፣ መድኃኒት ቤት በተሰለፍኩ ቁጥር ይመጣብኛል፤ ከኋላው «አንድም» እንደሚከተል ስለማውቅ ገና ሳይጀምሩ እበሽቃለሁ።

ዘመሮ አጠገብ ባለችው መንደራችን ማንበብ የማንም ነበር፤ መፍታት ግን የአባቴ። የደብራችን መሪጌታ ስለነበሩ፣ ገብስ ተወቅቶ ሥራ ሲላላ ሰዉ የደበዘዘና የተሞነጫጨረ ጽሑፍ ሁሉ ይዞ እየመጣ «ይፍቱልን» ይላቸው ነበር። እሳቸውም ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አንድ ፍቺ ሰጥተው፣ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምሩ ነበር፤ መጽሐፍ ሲተረጉሙ የተማሩት እንዲያ ስለሆነ በአንድ ፍቺ ማቆም ስንፍና ይመስላቸው ነበር። «አይነበብም» ማለትማ ነውር ነው።

ክረምት ገብቶ ጉም ደጃችንን ሲደፍነው ታናሽ እኅቴ ጆሮዋን ታመመች። እናቴ ጤና ጣቢያ ወስዳት፣ የተነገራትን በልጅቷ ጩኸት ሳትሰማ፣ ጠብታና የተሞነጫጨረ ብጣሽ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። አባቴ በርኖሳቸውን ሰብስበው ወረቀቱን ወደ በሩ አዞሩ።

«በቀን ሦስት ጊዜ» አሉ። እናቴ ጠርሙሱን ልትከፍት ስትል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድም፣ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ።»

«መሪጌታ፣ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም ያስኬዳል። አንድም...»

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ልጅቷ እየጮኸች! ደግሞ ቀኙ ጆሮ ነው ግራው ሊሉኝ ነው?»

«እሱንም ይዟል» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

እናቴ እኅቴን አዝላ በዚያ ጭቃ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሳ ሄደች። ማምሻውን ስትመጣ ነርሷ ጠርሙሱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሥላበት ነበር፤ ጠዋትና ማታ ማለት ነው። አባቴ ጠርሙሱን አገላብጠው አይተው፣ «ፀሐይ የሐዲስ ኪዳን ምሳሌ ነው፤ ጨረቃ ደግሞ...» ሲሉ እናቴ ነጠቀቻቸው። በሳምንቱ እኅቴ ሥቃ ዋለች።

ዛሬ የመድኃኒቱ አጠቃቀም ታትሞ ይሰጣል። እኔም ከተማ ገብቼ ግጥም እጽፋለሁ፤ በስልክ ሳነብላቸው አባቴ አንድም እያሉ ያላሰብኩትን ሁሉ ያወጡበታል፤ ስለ ጉም ብቻ ነው የጻፍኩት ብል ማን ሰምቶኝ! ባለፈው እኅቴ ደውላ፣ «ይሄ ስንኝ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ሳላስበው ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«በቃ ተወው፣ ወንድሜ» አለች፤ «ፀሐይና ጨረቃ ሣልበት።»