በፉከራዬ የተሰረዘው ኢሜይል

ዛሬ ጠዋት በጥበቃ ሥራዬ በር ላይ ቆሜ ስልኬን ብከፍት የመሥሪያ ቤት ኢሜይሌ የለም! በማታ ትምህርት ማንበብ ተምሬ፣ ሰፈሬን ገርጂን ሁሉ «ኢሜይል አለኝ» እያልኩ ያሰለቸሁበት ኢሜይል!

ለዕቃ ክፍል ሥራ ያመለከትኩት በእሱ ነው፤ መልሱም ዛሬ ይጠበቃል።

የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ቤቲ ጋ ሮጥኩ።

«ትናንት ‹ቻው፣ ከእንግዲህ ጥበቃ ሆኜ አታዩኝም› ብለው ሲፎክሩ ሥራ የለቀቁ መስሎኝ ከነኢሜይልዎ ሰረዝኩዎት፣ ጋሼ።»

«በይ ኦንላይን ላይ መልሺኝ!»

«ኦንላይን ያለው የሚቀዳው ከቢሯችን ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ነው። እዚህ መልሼዎታለሁ፤ ኦንላይን እስኪቀዳ ይቀመጡ።»

«የምን መቀመጥ!»

ኮሪደሩን ስመላለስበት ቆየሁ፤ በመጨረሻ ስልኬ ጮኸ፣ ኢሜይል ገባ፦ «ከሰኞ ጀምሮ ዕቃ ክፍል ይግቡ።» ማንንም ሳላስቸግር ራሴ አነበብኩት!

ሰኞ እስኪደርስ አፌን ልዘጋ ነበር፤ ይኸው አልቻልኩም። እናንተንስ አፋችሁ ከሥራ ያሰረዛችሁ ቀን አለ?