ምራቅ ያጣ ሸማኔ

ሸማኔ ያለ ምራቅ አይሠራም። ድር ሲበጠስ ሁለቱን ጫፎች በምላስ አርጥቦ በጣት አሹሮ መቀጠል ነው። እኔም ከአባቴ የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ሁሉ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የኔ ምራቅ ግን ጠፋ።

ከኤችአይቪ ጋር መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ አካባቢ አፌ ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቶብኝ ውኃ መዋጥ እንኳ አቅቶኝ ነበር። መድኃኒቱ ያንን ጠራርጎ አጠፋልኝ፤ ውለታውን አልክድም። በኋላ ግን አፌ ይደርቅ ጀመር፤ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ይጣበቃል። ቀጥሎ የመንጋጋ ጥርሴ ተቦረቦረ። መድኃኒት የምትሰጠኝን ሲስተር "ይህን ክኒን ልተወው ነው" ብላት አፈጠጠችብኝ።

"ያ ነጩ ነገር እንዲመለስብህ? ድርቀቱ ከመድኃኒቱም፣ ከበሽታውም ሊመጣ ይችላል። አፍ ሲደርቅ ደግሞ ጥርስ ቶሎ ይበላሻል። ውኃ ቶሎ ቶሎ ጠጣ፣ ስኳር ቀንስ፣ ጥርስህን ታከም። በቃ!"

ታከም! ለሷ ማለቱ ቀላል ነው። ቀጨኔ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ቅጹ "የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ይላል። ለሐኪሙ ይጠቅመዋል ብዬ እውነቱን ጻፍኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ወረቀቱን ይዛ ገባችና ስትወጣ "ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሰኞ ይመለሱ" አለችኝ። ሰኞ ሄድኩ፤ ተበላሽቷል። ሐሙስም ተበላሽቷል። ሐሙስ ዕለት ደጃፉ ላይ ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ከኔ ኋላ የነበሩት ሴትዮ ተጠርተው ገቡ፤ ወዲያው ማሽኑ ሲጮህ ሰማሁ። ምን ዓይነት ፈጣን ጥገና ነው እባካችሁ! ዋሽቼ ብጽፍ ኖሮ ይሄኔ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ያበጠ ጉንጬን ይዤ እየተሳደብኩ ዳገቱን ወጣሁ።

ሽመና ቤት ስደርስ፣ ለዓመታት ከጎኔ የሠራው ባልደረባዬ ቀና ብሎ አየኝ።

"ዛሬም ጥርስህን ሳታስነቅል መጣህ? ምን ሆነህ ነው አንተ?"

ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ንዴት አስወጣኝ። "ቫይረሱ ስላለብኝ ነዋ! ማሽኑ ተበላሽቷል እያሉ አፌን መንካት ተጸየፉ!" ብዬ ጮህኩበት።

መወርወሪያው እጁ ላይ ቆመ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። እሱም ከዛሬ ጀምሮ ቦታ ይቀይራል ብዬ ፈራሁ። ዓይኑን ላለማየት ሥራዬ ላይ አቀረቀርኩ፤ ድሩን በኃይል ስቤ በጠስኩት። ጫፉን ላስኩት፤ አልረጠበም። ደግሜ ላስኩት፤ ባሾረውም አልያያዝ አለኝ። ልቅሶዬ መጣ።

ባልደረባዬ እግሩን ከሚያስገባበት የሽመና ጉድጓድ ወጥቶ መጣና ክሩን ከጣቴ ቀማኝ። ጎንበስ አለና ያንኑ እኔ የላስኩትን ጫፍ አፉ ውስጥ ከተተው። በደንብ አርጥቦ፣ አሹሮ ቀጠለልኝ።

"ቅዳሜ አብረን ነው የምንሄደው" አለኝ ወደ ቦታው እየተመለሰ። "ማሽኑን እኔ አየዋለሁ።"