የዘይነባ ቦታ በጀልባው ላይ

በደርግ ጊዜ ጎረቤቴ ጀማል አሰብ ወደብ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ ወደ ከሚሴ ብቻውን ተመለሰ። ሚስቱ ዘይነባ «ውኃ በሌለበት አልኖርም» ብላ እዚያው ቀረች። ናፍቆቷ ሲያከሳው፣ ደሴን አልፎ ካለው ሐይቅ ላይ አብረው የሚያጠምዱበት ጀልባ ሠራና «ነይልኝ» ብሎ ላከባት። መልስ የለም።

አንድ ቀን ከአሰብ የመጣ ሾፌር ከሚሴ ገበያ መኪናውን አቁሞ በባትሪ የሚሠሩ ሁለት የጀልባ ሞተሮች አመጣለት፤ ትልቅና ትንሽ። «የምትጭነውን ክብደት ካላወቅን አይመረጥም» አለው።

ጀማል በማሽላ ሚዛን ራሱንና መረቡን መዘነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ወሬ ካለበት መቼ እጠፋለሁ!

«እህቴ ከድጃ፣ በአላህ ሚዛኑ ላይ ውጪልኝ፤ ዘይነባ አንቺን ታክላለች።»

ገበያተኛ ፊት እንደ ጆንያ ተመዘንኩ። «ትልቁን ውሰድ!» እያሉ ሳቁብኝ። የሌለች ሚስቱን ቦታ ሲለካ ግን አንጀቴን በላው።

ይሄኔ ከሾፌሩ መኪና ጋቢና አንዲት ሴት ጮኸች፦

«ጀማል! እኔ እንደሷ ወፍራም ነኝ? ትንሹ ይበቃናል!»