የስምንተኛው ክፍል ሰሚ

የፈተና ሰሞን ሲደርስ የጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ በሙሉ ታወራለች። ተማሪው ከመንገዱ ዳር ቅስቶች ሥር ወዲያ ወዲህ እያለ ያጠናውን ለጓደኛው ያሰማል። ጓደኛ ያጣ ለእናቱ፣ እናቱ የራቀችበት ደግሞ ለአከራዩ ያሰማል። ፈተናው የቃል ነውና፣ ዝም ብሎ ያጠና ሰው መምህሩ ፊት ሲቀመጥ ምላሱ ይተሳሰራል።

ቴክላ የሚሰማት አልነበራትም። ከተራራው መንደር የመጣች የንብ አናቢ ልጅ ነች። የሥነ ጥበብ ታሪክ ልትማር ስትነሳ አባቷ ቀፎውን ሳይለቅ ነበር የጠየቃት፦

«ሥዕል መሣል ልትማሪ ነው?»

«አይ አባባ፣ ስለ ሥዕል።»

«ሠዓሊውስ?»

«ሞቷል። ስድስት መቶ ዓመቱ ነው።»

«ተይው እንግዲህ ይረፍበት!» ብሎ ሳቀ። ግን ላካት።

እሑድ እሑድ ስትደውል ወሬው አንድ ነው። «ንቦቹ ደኅና ናቸው። አንቺስ የሚያዋራሽ አገኘሽ?» ይላታል። «ሞልቶ!» ትለዋለች። ውሸቷን ነው። አብራ እንድታጠና ኦርኔላ የምትባለዋን የክፍል ጓደኛዋን ለምና፣ «የኔ ቆንጆ፣ አራት ሞልተናል» የሚል መልስ ነው ያገኘችው። በጥር የመካከለኛው ዘመን ጥበብ ፈተና ላይ ተቀምጣ፣ ሁሉን እያወቀች፣ ድምፅዋ አልወጣ ብሎ ወደቀች። ሰኔ ላይ ከደገማት ወደ ቀፎው ልትመለስ ለራሷ ቃል ገባች።

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት ወደ ከተማው የሥዕል ሙዚየም መሄድ ጀመረች። ስምንተኛው ክፍል ሰው አይገባበትም። ወርቅ በተቀባ ሰሌዳ ላይ ማርያም ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ቴክላም ከፊቷ ቆማ በሹክሹክታ ታወራታለች። አንድ ቀን ከጀርባዋ ድምፅ መጣ።

«ጮክ በይ እንጂ! እሷ እንደሆነ ስድስት መቶ ዓመት ሰምታዋለች፤ እኔ ምን ልስማ?»

ጠባቂው ኤጂስቶ ነበር። ሚስቱን ከቀበረ ሰባት ዓመት የሆነው፣ ምሳውን ግቢው ውስጥ ብቻውን የሚበላ ሽማግሌ ነው። ወንበር ተሰጥቶታል፤ አይቀመጥበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የበሩን መቃን ተደግፎ፣ ከሰው ጀርባ ቆሟል።

«ለምን አይቀመጡም ሲኞር ኤጂስቶ?»

«ጠባቂ ከታየ ሥዕሉ ይሸፈናላ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሚ አገኘች። እሷ ፊቷን ወደ ሥዕሉ አድርጋ ትናገራለች፣ እሱ ከበሩ ሆኖ ያርማታል።

«አምና አንዷ ልጅ ይህ ሥዕል ስድስት መቶ አርባ ዓመቱ ነው አለች። አንቺ ስድስት መቶ ስልሳ አልሽ። ወይ ሥዕሉ አርጅቷል፣ ወይ አንቺ ተሳስተሻል፣ ዶክተር።»

«ገና ዶክተር አልሆንኩም!»

«እኔ ከሾምኩሽ ማን ይሽርሻል?»

በማርያም ቀኝ አንድ ቅዱስ ቦሎኛን ከነግንቦቿ አሳንሶ በእጁ ይዞ ቆሟል። ኤጂስቶ «አከራዩ» ይለዋል፣ የሚከራይ ቤት ይዞ ስለሚመስል። እሷም አከራዩ ማለት ለመደች። ጎብኚ በሌለ ሰዓት ኤጂስቶ የድሮ የገጠር ዘፈን ያንጎራጉራል፦

የተልባ አበባ፣ አትፈልጊኝ በሩቅ፣
ደጅሽ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሳልናገር ሳልስቅ።

የሰኔው ፈተና ለሰኞ ተቀጠረ። የፈተናው አዳራሽ በሩ ክፍት ነው። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ወዳጆቹ ከኋላው አግዳሚ ላይ ይቀመጡለታል፤ ጥር ላይ የቴክላ አግዳሚ ባዶ ነበር።

«ሰኞ ይመጣሉ?» አለችው ኤጂስቶን፣ ዓይኑን ሳታይ።

«ሰኞ ዝግ ነን። እመጣለሁ። በይ፣ ተኩላው አፍ ግቢ!»

«ተኩላው ይሙት!» አለች፤ ለፈተና መልካም ዕድል ሲመኙ የአገሩ ደንብ እንዲህ ነው። ያን ቀን በቅስቶቹ ሥር እየዘለለች ነው ወደ ቤቷ የሄደችው።

ሰኞ ስሟ እስኪጠራ ሦስት ጊዜ ወደ አግዳሚው ዞረች። ለእሷ የመጣ ማንም አልነበረም። ኦርኔላ ስትፈተን ሦስቱ የጥናት ጓደኞቿ ተደርድረው ነበር። ቴክላ ስትጠራ ግን አግዳሚው ላይ የሰው ኮት ብቻ ቀረ።

መምህርቷ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ዘረጋችላት። ሦስተኛው የስምንተኛው ክፍል ማርያም ነበረች። ወርቋ ግራጫ ሆኗል፤ ፊቷ ግን ያው ነው። ቴክላ እንባዋን ዋጠችና፣ የሚሰማት ያለ ይመስል ጮክ ብላ ተናገረች። ድምፅዋ እስከ መጨረሻው አልከዳትም።

«በቀኝ የቆመውስ ማነው?» አለች መምህርቷ።

አፏ ላይ የመጣው «አከራዩ» ብቻ ነው። ዋናው ስሙ ጠፋት።

«ልጄ፣ ከተማችንን በእጁ ይዞ እያየሽው አታውቂውም?» አዳራሹ ሳቀ።

ከሠላሳ ሃያ ስድስት ጻፈችላት። አልፋለች። ዞር ብላ አየች፤ ኮቱም ተወስዷል። አንገቷን ደፍታ፣ እያለቀሰች፣ በሰው መሐል ተሹለክልካ ወጣች።

ስምንተኛው ክፍል ዝር አላለችም። መንደሯ ገባች። አባቷ «ፈተናው ላይ ማን ተቀመጠልሽ?» ሲላት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገረችው፦ «ማንም።» አባቷ የቀፎውን ክዳን አነሳ። ንቦቹ አጉረመረሙ።

በጥቅምት ተመለሰች። ለኤጂስቶ ኩርፊያዋን ልታሳየው አስባ ነው ስምንተኛው ክፍል የገባችው። ወንበሩ ላይ አንዲት ወጣት ጠባቂ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

«ሲኞር ኤጂስቶስ?»

«ጡረታ ወጣ። ባሕሩ ዳር እህቱ ዘንድ ነው አሉ፤ አድራሻ አልተወም።» ቀና ብላ አየቻት። «ቆይ፣ የንብ አናቢው ልጅ አይደለሽም? ሃያ ስድስቷ! ሰኔን ሙሉ አሰለቸን እኮ። ‹ሠላሳ ይገባት ነበር፣ አከራዩን ያስለመድኳት እኔ ነኝ ጥፋተኛው› እያለ።»

«ማን ነገረው?»

«ምን ማን ነገረው? ነበረ እንጂ! ክራባት አስሮ ሄዶ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሰማሽ። ‹አግዳሚው ላይ ለምን አልተቀመጥክም?› ብዬ ስጠይቀው፣ ‹ጠባቂ ከታየ…› አለኝ፤ ታውቂው የለ። እያለቀስሽ ስትወጪ በጎኑ ነው ያለፍሽው። በነጥቡ የከፋሽ መስሎት ተወሽ።»

ቴክላ ሁለት ዓመት ሙሉ ማየት ነበር የተማረችው፤ የልብስ እጥፋት፣ የጣት ጥፍር፣ የወርቅ ስንጥቅ። በሩን ግን አላየችም።

ከዚያ የቀጣዩን ፈተና ማስታወሻ አወጣች። ጀርባዋን ለማርያም ሰጠች፣ ፊቷን ወደ በሩ መቃን። እንጨቱ በሰው ትከሻ ቁመት ላይ ከመደገፍ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል።

«ጴጥሮንዮስ» አለች ጮክ ብላ። «በቀኝ የቆመው ቅዱስ ጴጥሮንዮስ ነው።»

ሹራብ ሠሪዋ ቀና አለች፤ መቃኑ ግን አላረማትም። ቴክላ ትንሽ ጠበቀችና ቀጠለች።