ሰኞ ዝግ የነበረው ምግብ ቤት

ባለፈው ኅዳር ከአጅባር ሜዳ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ በቅርቡ ከተከፈተው ሆቴል የጓሮ መስኮት የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ጥብስ ሽታ ከቻይናዎች ሶያ ሶስ ጋር ተደባልቆ መጣና፣ ከጉና በሚወርደው ብርድ መሐል ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ከዘራዬን ተደግፌ አየሩን ስምግ ያየኝ ዘበኛ «አባባ፣ የሚፈልጉት ሰው አለ?» አለኝ። የምፈልጋቸው ሰዎች ደብረ ታቦር ውስጥ እንደሌሉ እንዴት ላስረዳው? «የለም ልጄ፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አልኩና አለፍኩ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ የእርሻ መምህር ሳለሁ፣ ስለ ገብስ ዘር እንዳጠና ለሁለት ዓመት ወደ ሆላንድ ተልኬ ነበር። ሚስቴንና ሁለት ልጆቼን እዚሁ ትቼ የገባሁባት ከተማ እንደ ገበታ የተዘረጋች፣ ዓይን የሚያርፍበት አንድ ጉብታ እንኳ የሌላት፣ ዝናቧ ከላይ ሳይሆን ከጎን የሚመታ ነበረች። በተሰጠኝ ክፍል ውስጥ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያና አንድ ኩባያ ጠበቁኝ። አባቴ የአንበሳሜ መሪጌታ ነበሩ፤ በቤታችን መንገደኛ ሳይጠራ ማዕድ አይቀርብም። እኔ ግን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ ዳቦና ቺዝ እያላመጥኩ፣ የገዛ መንጋጋዬን ድምፅ ስሰማ ስንት ወር ከረምኩ።

ሁዳዴ ሲገባ ቺዙም ቀረና ድንችና ደረቅ ዳቦ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ መንገድ ስሄድ ያ ሽታ ያዘኝ። ቀይ ፋኖስ የተንጠለጠለበትን በር ገፍቼ ገባሁ። አስተናጋጇም የቤቱ ባለቤትም በእናቴ ዕድሜ ያሉ አንዲት ቻይናዊት ነበሩ። ሁለታችንም በአገሩ ቋንቋ ድዳ ለመባል ጥቂት የቀረን ነንና፣ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም እያልኩ በጣቴ ቆጠርኩላቸው።

«ታመሃል?» አሉኝ በሐዘኔታ።

«አልታመምኩም። ጾም ነው።»

«ስንት ቀን?»

«ሃምሳ አምስት።»

ወደ ወጥ ቤቱ ዞረው በቋንቋቸው ጮኹ። ባላቸው መጥበሻቸውን እንደያዙ ብቅ አሉና፣ ሃምሳ አምስት ቀን የማይበላውን ፍጡር ከራሱ እስከ እግሩ አይተው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ። የመጣልኝ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመን ነበር፤ ላዩ ላይ ግን ነጭ ቁርጥራጭ ጣል ጣል ተደርጎበታል። አይብ ነው ብዬ ሳህኑን ገፋሁት። ሴትዮዋ ሄደው ከጓዳ አንድ እፍኝ ደረቅ ፍሬ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ በተኑት። «አኩሪ አተር!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ። ስለ ዘሩና ስለ አፈሩ ለዓመታት ያስተማርኩት እህል እንዲህ ያለ አይብ መሳይ ነገር እንደሚወጣው አላውቅም ነበርና፣ አፍሬ በላሁ፤ እስክጠግብ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ቤተኛ ሆንኩ። ሰኞ ዝግ ስለሆነ ሴትዮዋ ራሳቸው ክንዴን ይዘው ከጣቢያው ጀርባ ወዳለው የአንድ ጃፓናዊ ምግብ ቤት ወሰዱኝ። ያ ቤት ስምንት ወንበር ብቻ ነበረው፤ ሁሉም በአንድ ረድፍ ወደ አብሳዩ ዞረዋል። ስምንት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ እርስ በርሱ ሳይነጋገር፣ ፓስታ የመሰለውን ምግብ በድምፅ እየሳበ ይበላል። ብቻውን የመጣ ሰው እዚያ አያፍርም። መረቁ ግን የዓሣ ነበርና ግራ ገባኝ፤ አባቴን በስልክ ጠየቅኋቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ወደ አንድ ባለሱቅ ጎራ ይሉና እደውልላቸው ነበር።

«ዓሣ በሁዳዴ? ተው ልጄ፣ አይሆንም» አሉኝ። ቀጥለው «ለመሆኑ ማዕድ የምትቀርበው ከማን ጋር ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የስምንቱን ወንበር ነገር ልነግራቸው አልቻልኩም። «ከሰዎች ጋር ነው አባባ። ደጋግ ሰዎች ናቸው» አልኳቸው።

«ተመስገን። ማዕዳችሁን ይባርክ።»

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ከልጅ ልጆቻቸው ወሬ በፊት «እነዚያ አብረውህ የሚበሉት ደኅና ናቸው?» ይሉኝ ጀመር። ደኅና ናቸው እላለሁ። ሰኞ ጃፓናዊው መረቁን ትቶ ደረቁን ከሶያ ሶስ ጋር ሲያቀርብልኝ ግራና ቀኜን እያየሁ፣ ከነዚህ ውስጥ ደኅንነቱን የጠየቅኩት አንድም ሰው እንደሌለ አስብ ነበር።

በሁለተኛው ሁዳዴ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወንድሜ ደውሎ «እግዜር ያጥናህ» አለኝ። አባባ ካረፉ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር፤ ቀብሩም አልፏል። ባለሱቁ ትናንት ስልክ ያላነሣው ለካ ለዚህ ኖሯል። ኮቴን ደርቤ ወጣሁ። የት እንደምሄድ ሳላውቅ እግሬ ወደ ቀዩ ፋኖስ ወሰደኝ። ቀኑ ሰኞ ነበርና በሩ ዝግ ነው። ደጁ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሴትዮዋ ከላይ በመስኮት አይተውኝ ወርደው ከፈቱልኝ። «አባቴ» አልኳቸው፤ ክንዴን ይዘው አስገቡኝ።

ባልና ሚስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ምሳ ቀርበው ነበር። ባልየው ሦስተኛ ጎድጓዳ ሳህን አምጥተው ቀጭን የሩዝ ገንፎ ቀዱልኝ። ከመሐል የነበረውን የሥጋ ሳህን አንሥተው ምድጃው ላይ አስቀመጡት፤ እሳቸውም ሚስታቸውም በዚያ ምሳ ሥጋ አልነኩም። ሦስታችን አብረን በላን። እንባዬ ገንፎው ውስጥ ሲንጠባጠብ ሴትዮዋ ጎመን እያነሡ ሳህኔ ላይ ያኖሩልኝ ነበር። ከሰዎች ጋር ነው የምበላው ያልኩት ያን ቀን እውነት ሆነ፤ የምነግራቸው አባት ግን አልነበሩኝም።

ትምህርቱን ጨርሼ ስመለስ ልሰናበታቸው ስሄድ ቤቱ በምሳ ሰዓት ተጨናንቆ ነበር። ሴትዮዋ ከሳህኖቹ መሐል እጄን ጨብጠው፣ አንዴ ጉንጬን ዳበስ አድርገው ወደ ሥራቸው ሮጡ። ከዓመታት በኋላ አንድ ተማሪዬ እዚያው ከተማ ለትምህርት ሄዶ ፎቶ ላከልኝ፤ የባልና ሚስቱ ቤት ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ ሆኗል። የጃፓናዊው ቤት አለ፤ የምታበስለው ግን አንዲት ወጣት ናት፤ ስለ ሰውየው የምታውቀው ነገር የላትም። ሚስቴም ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ልጆቼ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ናቸው፤ ምሳዬን ከቴሌቪዥኑ ጋር እበላለሁ።

ዘንድሮ ለአባቴ መታሰቢያ በጸሎት የሚነሡትን ስሞች ለቄሱ ሳስጽፍ፣ የእናቴንም የሚስቴንም ተናግሬ «ሁለት ሰዎች ቀርተውኛል» አልኳቸው።

«በሕይወት ያሉ ናቸው ወይስ ያረፉ?»

«እሱን አላውቅም አባቴ።»

«ስማቸውስ ማን ነው?»

ብዕራቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ከአንድ ዓመት በላይ ከእጃቸው በልቼ፣ አንድ ቀን ስማቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።