ለሰብለ ያልነገርኳት ውጤት

ባለፈው ሳምንት በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ካልጋሪ፣ ዋይትሆርን ሰፈር ባለው ቤቴ ቧንቧ ከፍቼ ብርጭቆ ስሞላ ክሎሪን ሸተተኝ። ቀላል ሽታ ነው፤ በየፀደዩ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ግን ውሃውን ሳልጠጣው አስቀመጥኩት። ሰብለ ትዝ አለችኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ካልጋሪ ላለ አንድ ትንሽ የምርመራ ላብራቶሪ ከየገጠሩ የመጠጥ ውሃ ናሙና እሰበስብ ነበር። ሰብለና ባሏ የሚኖሩት ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ፣ ውሃውን ከኩሬ የሚስብ መንደር ውስጥ ነው፤ ናሙናውን የምቀዳው ከእነሱ ማድቤት ነበር። ያገሯ ልጅ ስለሆንኩ ሳታበላኝ አትለቀኝም። ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ ታቀርብልኛለች፤ ሻዩ ግን በረኪና በረኪና ይላል።

በዚያ ፀደይ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ኩሬው በበረዶ ውሃና በበሰበሰ ቅጠል ደፍርሶ ስለነበር ክሎሪኑን ጨምረውበታል። ክሎሪን ባይኖር ሰው በተቅማጥ ባለቀ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ሲገናኝ ግን ሌላ ነገር ይፈጥራል፤ ለዓመታት ሲጠጣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚፈራ፣ ፅንስ ይጎዳ እንደሆነም ገና የሚያከራክር። የናሙናው ውጤት ሲመጣ የዚህ ነገር መጠን ከተፈቀደው በላይ ሆነ።

አለቃዬ «የሚታየው የዓመቱ አማካይ ነው። በአንድ ናሙና ሰው አታስደንግጥ» አለኝ።

በሚቀጥለው ጉዞዬ ሰብለ ሆዷን ደገፍ አድርጋ «ስማ እንጂ፣ ይሄ ውሃ እንዴት ነው? ልጠጣው?» አለችኝ።

«ጠጪ፣ ምንም አይልሽም» አልኳት። የውጤቱ ወረቀት መኪናዬ ውስጥ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ በሩን የከፈተልኝ ባሏ ነው። «ልጁን አጣነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰብለ ጋቢ ተከናንባ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ። እኔ ሥራዬን ሠራሁ። እሷ እየሰማች ቧንቧውን ከፍቼ ጠርሙሴን ሞላሁ። ዛሬም ድረስ እንዲህ ያፈርኩበት ነገር የለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስካይቪው ራንች በሚባል ሰፈር አንድ ክርስትና ላይ ተገናኘን። ሁለት ሴት ልጆች አድርሳለች። ጥግ ይዘን ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ሐኪሙ ምክንያቱ አይታወቅም ነው ያለኝ። ውሃው ነው አልልህም» አለች። ቀጥላም «ግን ጠይቄህ ነበር» አለችኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የከተማችንን የውሃ ምርመራ ውጤት በየዓመቱ ከኢንተርኔት አውጥቼ አነባለሁ፤ ደህና ነው፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ያነበብኩትን እነግራለሁ። ያኔ ጥፋቱ የውሃው ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። የራሴን ጥፋት ግን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም።