ሥሩ ወደ ሰማይ የዞረው ወይራ

ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከኛ ሰፈር በታች፣ አንድ አሮጌ ወይራ ነበር። ጥላው ሥር ያልተቀመጠ ባልና ሚስት፣ ያልታረቀ ጎረቤት የለም ማለት ይቻላል። ልማዳችን እንዲህ ነው፤ ነገር የተጀመረበት ዛፍ ሥር ያልቃል። ቦታ የቀየረ እርቅ አይጸናም ይላሉ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ካቻምና ግንቦት የጎረቤቶቼን ነገር ይዘን እዚያው ተቀመጥን። እኔ አለሁ፣ የንስሐ አባታቸው ቄስ አሉ፣ ጆሮውም ዓይኑም የደከመ አንድ የዕድሜ ጓደኛዬ አለ። ነገሩ የጌሾ ነው። ሚስትየው ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ በጓሮዋ ያሳደገችውን ጌሾ፣ እሷ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ ባልየው ከሥሩ ነቅሎ ባሕር ዛፍ ተከለበት። ስትመለስ ነጠላዋን አንሥታ ገሳይ አባቷ ቤት ገባች። የምትፈልገው ጌሾው እንዲተከልላትና እሱ በአፉ «አጥፍቻለሁ» እንዲላት ነው። ጌሾውን እሺ ብሏል። ያቺን አንዲት ቃል ማውጣት ግን ከደረቅ ግንድ ምስማር እንደ መንቀል ሆነብን። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አባቱም እንዲህ ነበሩ፤ ሲያጠፉ በግ ያርዳሉ እንጂ አይናገሩም።

አልሆን ሲል ከመስቀል በኋላ ብለን ቀጠርን። እሷም ስትነሣ፣ «አባቶቼ፣ ያን ቀን ካልተናገረ ከእንግዲህ ሽማግሌ አትላኩብኝ። ፍቺዬን እጠይቃለሁ» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ለዚህም ነው ያመንናት።

ከቡሄ ማግስት የተነሣ ነፋስ ወይራውን ከነሥሩ ገነደሰው። መንገድ ዘግቶ ሰነበተ። ከዚያ ከከተማ አንድ ሰዓሊ መጣ። ኮረብታው ላይ በተሠራው አዲሱ የአትክልት ቦታ፣ በዛፍና በአበባ መካከል ቅርጻ ቅርጽ የሚያቆም ሰው ነው። «ይህን ግንድ ስጡኝ» አለ። መንገዱ ይከፈትልን እንጂ ብለን እኛው ራሳችን ተረባርበን መኪናው ላይ ጫንንለት። ቀጠሯችንን አብረን እንደ ጫንነው ለማንም ትዝ አላለውም።

መስቀል አለፈ። ቄሱ «ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንቀመጥ» አሉና ወደ ገሳይ ላክን። መልሷ አጭር ነበር፤ «የቀጠራችሁኝ ዛፉ ሥር ነው።» ባልየውም፣ ምናልባት ቀኑን ማራቁ ይሆናል፣ «እውነቷን ነው፤ ዛፉ ካለበት» አለ። እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ለእሷ ልከን፣ ባልየውን አስከትለን፣ አንድ ቅዳሜ ጧት በትራችንን ይዘን ወደ ኮረብታው ወጣን።

በሩ ላይ ዘበኛ ተቀምጧል።

«አባቶች፣ ለጉብኝት ነው?»

«ለእርቅ ነው» አልሁት።

ትንሽ አሰበ። «እርቅ ከውስጥ ያለ አይመስለኝም። ያለው አትክልትና ቅርጻ ቅርጽ ነው።»

«ዛፋችን ከውስጥ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ግቡ። ሣሩ ላይ አይቀመጥም፣ ቅርጽ አይነካም፣ በትራችሁን እዚህ ተዉት።»

ያለ በትር ሽምግልና ተቀምጬ አላውቅም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ከውስጥ፣ በአሮጌ ጎማ የተሠራ ዝንጀሮ ኮሶ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ከተሰበረ ማረሻና ከዶማ የተበየደ በሬ አበባ መካከል ቆሟል። አንዲት ጎጆ ውስጥ ቁና፣ ሰፌድና አገልግል ተሰቅሎ፣ ሰው እንዳይቀርብ ገመድ ተወጥሮበታል። ሰፌዱን ባየሁት ጊዜ አፈርሁ። የእኔው ላይ ዶሮ ናት የምትተኛው።

ከመንገዱ ዳር አንድ የሲሚንቶ ገበሬ አለ። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደሩ?» አለው። ቆየና ደገመለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይሄ ሰው ኩሩ ነው» አለኝ።

«ሲሚንቶ ነው» አልሁት በጆሮው።

«ይሁን። እግዜር ይመስገን ቢል ምን ይጎድልበታል?»

ወይራውን ከሩቅ አወቅነው። ግን ራሱ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ፣ ሥሩ ወደ ሰማይ ተንጨፍርሮ ቆሟል። ሚስትየው ቀድማናለች፤ አጠገቡ ቆማ ትጠብቀናለች።

«ይኸው ዛፉ፣ አባቶቼ» አለች። ሳቅ ይሁን ቁጣ ፊቷን መለየት አቃተኝ።

ባልየው ዛፉን ቁልቁል ሽቅብ አየና፣ «ተገልብጦማ ያ ዛፍ አይደለም። ቀጠሮው ፈርሷል» አለ።

«በሬህ ገደል ገብቶ ቢገለበጥ ላም ነው ልትለው ነው?» አለችው።

ቄሱ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ። በመጨረሻ፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ እንደ ዛሬ ታይቶም አያውቅ። ተቀመጡ» አሉ።

ሣሩ ስለተከለከለ ወይራው የተተከለበት ሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ቄሱ ጸሎት አደረጉ። ቀና ስንል ሰው ከቦናል። የከተማ ልብስ የለበሱ ጎብኚዎች በስልካቸው ፎቶ ያነሡናል። መነጽር ያደረገች አንዲት ወይዘሮ ዘበኛውን፣ «እነዚህ በየስንት ሰዓቱ ነው የሚያሳዩት?» አለችው።

«እኔም ዛሬ ነው ያየኋቸው» አላት።

«በል ልጄ» አሉ ቄሱ ባልየውን። «ቀኑም ደረሰ፣ ዛፉም ይኸው። ተናገር።»

አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። እሷ ነጠላዋን አስተካከለች። ልትነሣ እንደሆነ ሁላችንም ገባን፤ ከተነሣች ደግሞ አበቃ።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበደለው እግር ሥር ይንበረከካል። ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ካወረደው እርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ባልየው መናገር ቢያቅተው ይኸው ትዝ አለው መሰለኝ፣ ተነሥቶ ዙሪያውን አየ። ሣሩ ተከርክሟል፣ መንገዱ ተጠርጓል፤ ጠጠር እንኳ የለም። አንድ ብቻ ክብ፣ ለስላሳ ድንጋይ አጭር ምሰሶ ላይ ጉብ ብሏል። ሄደ፤ ብድግ አድርጎ ጫንቃው ላይ ጫነው፤ መጥቶም እግሯ ሥር ተንበረከከ።

ዘበኛው እየሮጠ ደረሰ። «ሰውዬ፣ እሱ ድንጋይ አይደለም። ቅርጽ ነው። መልሰው።»

«የማወርደው እኔ አይደለሁም» አለ ባልየው ከድንጋዩ ሥር። «እሷ ናት።»

ዘበኛው እጁን ዘርግቶ ነበር። ግን የእብናት ልጅ ነው፤ ልማዱን ያውቃል። እጁን ሰበሰበ። ግራ ቢገባው እሱም ከባልየው አጠገብ ተንበረከከ።

«እህት ዓለም፣ ስለ እመቤታችን ብለሽ። ከወደቀ ይሰነጠቃል። የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«የምትለምነኝ ለሱ ነው ለድንጋዩ?»

«ለድንጋዩ ነው፣ እቴ። ምን አስዋሸኝ።»

«ከግንቦት ጀምሮ ከለመኑኝ ሁሉ አንተ ትሻላለህ» አለች። እኛ ሦስታችን መሬት መሬቱን አየን። «ግን ቃሉን ሳይናገር አላወርድም።»

ወይዘሮዋ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን የቅርጹን ስም ጮክ ብላ አነበበች። «ዝምታ» ይላል። «እንዴት አድርገው አስበውታል» አለች ለጓደኛዋ። የእኔ ጓደኛ በበኩሉ እስካሁን ምንም አላየም። «ይሄ ልጅ ድንጋይ አይሸከምም እንዴ?» አለ።

ድንጋዩ ከባልየው ጫንቃ ሊንሸራተት ቃጣው። ዘበኛው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከድንጋዩ ሥር ፈለገው።

«ወንድሜ፣ ምን በል ነው የምትልህ?»

«እሷ ታውቃለች።»

«እኔ አላውቅም። ለእኔ ንገረኝ።»

«ጌሾዋን ነቀልሁባት።»

«ስለምን?»

«ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል ብዬ።»

«አጥፍተሃላ።»

«አጥፍቻለሁ።»

ቃሉ ወጣ። አምስት ወር ሙሉ የጠበቅነው ቃል ወጥቶ ዘበኛ ላይ አረፈ። ቄሱ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ሥሩ አየሁ።

«ለማን ነው ያልኸው?» አለች።

«ቀና ማለት አቅቶኝ ነው እንጂ ላንቺ ነው» አለ። ድምፁ ከመሬት የሚወጣ ይመስላል። «አጥፍቻለሁ። ከሄድሽ ወዲህ በጓሮ በኩል አላልፍም። ውሃ እንኳ የምቀዳው ዞሬ ነው።»

ጎብኚዎቹ ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ሁለት እጇን ሰድዳ ድንጋዩን ያዘች። ከበዳት። ዘበኛው ከሥር ደገፈላት፤ ያወረደችው ግን እሷ ናት፤ ቄሱ ምስክር ናቸው። «ይቅር ለእግዜር» አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ድንጋዩን ምሰሶው ላይ ስንመልሰው የትኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደነበረ የሚያስታውስ ጠፋ። ዘበኛው ሊያለቅስ ደረሰ። ጓደኛዬ ቀርቦ በእጁ ዳበሰውና፣ «እንዲህ ነበር» አለ። ሁላችንም አመንነው። ኋላ ሰዓሊው መጥቶ፣ ቅርጹ ከዱሮው አምሯል ብሎ ሄደ ይባላል። ስንወጣ ጓደኛዬ የሲሚንቶውን ገበሬ «ደኅና ይዋሉ» አለው። ቂም አልያዘበትም።

ሚስትየው ያን ዕለት ከኛ ጋር ወረደች። ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ግን ቆመችና፣ «ባሕር ዛፉ ተነቅሎ፣ ጌሾው ተተክሎ፣ ለጥንስስ እስኪበቃ እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ» አለች። ቄሱ ሊናገሩ ነበር፤ እጃቸውን ያዝሁት። ለዚህ ደግሞ ዛፍ ከየት እናመጣለን?

ባሕር ዛፉን በማግስቱ ነቀለው። ጌሾ ለጠላ የሚበቃ ቅጠል እስኪያወጣ ቶሎ የሚሆን ነገር አይደለም፤ አሁን ገና ጉልበት ይደርሳል። እንግዳ ሲገባ ደግሞ ተቀምጦ የሚቀበል የለም። አጥሩን ተሻግሮ ይሰማኛል፤ ውሃ ቀድታ ስትገባ፣ ከገበያ ስትመለስ፣ ከጓሮ ቅጠል ይዛ ብቅ ስትል፣ ያ ቃል የማይወጣው ሰው ከመደብ ብድግ ይላል።

«ኖር» ይላታል።

«በእግዜር» ትለዋለች፤ እሷም ቶሎ ተቀመጥ አትለውም።